ጣፋጭ ሱጁኽ፦ የአርመኖችን የወይንና የዋልነት ስጦታ በቤት ውስጥ ለመሥራት

ከአርመኖች የእጅ ሥራ መካከል ለወዳጅ ይዘው ቢሄዱ የሚያኮራ ብዙ ነገር አለ። በድንጋይ ወይም በእንጨት የተቀረጸ መስቀል፣ በእጅ የተሠራ ምንጣፍ፣ በመርፌ የተሠራ ዳንቴል፣ ጋታ የሚባለው ጣፋጭ ዳቦ ሁሉም የየራሱ ውበት አለው። እኔ ግን ከሁሉም አስቀድሜ የማነሣው ጣፋጩን ሱጁኽ ነው። በክር የተሰካ ዋልነት በዱቄት በወፈረ የወይን ጭማቂ ውስጥ ደጋግሞ ይነከርና በነፋስ ይደርቃል፤ ሥራው በአጭሩ ይኸው ነው። መጋገሪያ ምድጃም ልዩ መሣሪያም አይጠይቅም። ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ስለሌለበት በጾም ወቅት ያለ ሥጋት ለማንም ይሰጣል። በደንብ ከደረቀ ደግሞ ለወራት ይቆያል።

ይህ የጾም ነገር እንዲያው በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። የአርመን ሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን የጌታን ልደት የምታከብረው ጥር 6 ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ከእኛ ገና በአንድ ቀን ይቀድማል። በፊቱ ያለው ሳምንት የጾም ሳምንት ስለሆነ የአዲስ ዓመት ቀን በጾም ውስጥ ይውላል። በመሆኑም ባህላዊው የአርመኖች የአዲስ ዓመት ማዕድ የጾም ማዕድ ነበር፤ ጥራጥሬ፣ የደረቀ ፍራፍሬ፣ ለውዝና ዋልነት፣ ከእነርሱም ጋር ሱጁኽ ይቀርብበት ነበር። ያ ቀን በእኛ ታኅሣሥ 23 ላይ ሲውል እኛም በነቢያት ጾም ውስጥ ነን። ለጾመኛ ወዳጅ የሚሆን የበዓል ስጦታ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

አንድ ማሳሰቢያ አስቀድሜ ልስጥ። በአርመን ሱቅ ውስጥ ሱጁኽ ብቻ ብለው ከጠየቁ በቅመም ታሽቶ የደረቀ የበሬ ሥጋ ሊሰጥዎት ይችላል፤ ሁለቱም በዚያው ስም ይጠራሉ። ጣፋጩን ወይም ሻሮትስን ብለው ይጠይቁ። ጎረቤት ጆርጂያም ቹርችኼላ የምትለው ተመሳሳይ ነገር አላት፤ እሱ ብዙውን ጊዜ ቅመም የለውም። አርመኖች ግን ቀረፋና ቅርንፉድ ይጨምሩበታል፤ እኔም ለዚህ ነው የአርመኖቹን የምመርጠው።

መቼ ይሠራ?

በአርሜኒያ ሥራው የሚጀመረው የወይን መከር ሲሰበሰብ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። ከዚያ አስቀድሞ በነሐሴ አጋማሽ፣ በእመቤታችን ፍልሰታ በዓል፣ አዲሱ ወይን በቤተ ክርስቲያን ይባረካል፤ ጥንቃቄ የሚያደርጉ ምእመናን እስኪባረክ ድረስ ከአዲሱ ወይን አይቀምሱም። ወይን ለዚያ አገር የቅርብ ጊዜ ነገር አይደለም። በቫዮትስ ጾር ክፍለ ሀገር በአሬኒ መንደር አጠገብ ባለ ዋሻ ውስጥ ከ6000 ዓመት በፊት ገደማ ወይን የተጠመቀበት መጭመቂያ ተገኝቷል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ወሳኙ የአየሩ ድርቀት ነው። በክረምት አይሞክሩት፤ ሽፋኑ ሳይደርቅ ይሻግታል። ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ያለው ደረቅና ነፋሻማ ወቅት ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። ለገና ስጦታ ካሰቡ በኅዳር የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይጀምሩ። ለመሥራት ሁለትና ሦስት ቀን፣ ለማድረቅ ከአንድ ሳምንት በላይ፣ ለማብሰል ደግሞ ቢያንስ አንድ ወር ያስፈልጋል። ማብሰል ስል በእሳት ሳይሆን በጨርቅ ተጠቅልሎ በሚያርፍበት ጊዜ የሚመጣውን ጣዕም ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ይህ መጠን ከ12 እስከ 14 ዘለላ ያወጣል፤ አንዱ ዘለላ 15 ግማሽ ፍሬ ያህል ዋልነት ይይዛል።

- ያልተሰባበረ ግማሽ ግማሽ የዋልነት ፍሬ፣ 500 ግራም
- የወይን ጭማቂ፣ 3 ሊትር፤ ከትኩስ ወይን ከሆነ ከ4 ኪሎ ተኩል እስከ 5 ኪሎ ወይን
- የፉርኖ ዱቄት፣ 220 ግራም
- የተፈጨ ቀረፋ፣ 2 የሻይ ማንኪያ
- የተፈጨ ቅርንፉድ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ
- የተፈጨ ሄል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ
- ስኳር ከ100 እስከ 150 ግራም፤ ይህ ወይኑ ከጎመዘዘ ብቻ ነው
- ጠንካራና ያልተቀለመ የጥጥ ክር፣ ወፍራም የልብስ መርፌ
- ሰፊና ጥልቅ የማይዝግ ብረት ድስት፣ ረጅም ማማሰያ፣ ወንፊት፣ ንጹሕ ሻሽ
- ማንጠልጠያ የሚሆን ዘንግ ወይም የልብስ ማስጫ ገመድ

ስለ ድስቱ ልብ ይበሉ። የወይን ጭማቂ ኮምጣጣነት ስላለው ያልተሸፈነ የአሉሚኒየም ድስት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲፈላ የብረት ጣዕም ይይዛል። ኢናሜል ወይም የማይዝግ ብረት ይጠቀሙ።

ስለ ሄል ምትክም ብዙ ሰው ይጠይቃል። ኮረሪማ ሌላ ቅመም ነው፤ ሽታው የበረታና ወደ ጭስ የሚያደላ ነው። ቢጨምሩት አይበላሽም፤ ነገር ግን የአርመኖቹ ጣዕም አይሆንም። ሄል ካላገኙ ቀረፋውና ቅርንፉዱ ብቻውን ይበቃል።

ወይኑን መምረጥ

የሥራው ግማሽ እዚህ ላይ ያልቃል። ጭማቂው በራሱ ጣፋጭ ካልሆነ ስኳር አያድነውም፤ ስኳር ጣፋጭነትን እንጂ የወይንን ጣዕም አይሰጥም። ጥቁር ወይን ጥልቅ ቀለም፣ ነጭ ወይን ደግሞ የማር መልክ ይሰጣል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። አንድ ፍሬ አፍ ውስጥ አስገብተው ሲነክሱት ጣት የሚያጣብቅ ያህል የጣፈጠ፣ ቆዳው መጨማደድ የጀመረ ቢሆን ይመረጣል። በደንብ የበሰለ ወይን ለገበያ ዓይን ባያምርም ለዚህ ሥራ ከሁሉ ይበልጣል።

በኢትዮጵያ በዝዋይ ዙሪያ ወይን ይመረታል፤ በከተማም በአትክልት ቤቶች ይገኛል። ዋጋው ከከበደዎት ያልተበረዘ የታሸገ የወይን ጭማቂ ይጠቀሙ። በመለያው ላይ ከወይን ጭማቂ በቀር ውኃም ስኳርም ያልተጻፈበት መሆን አለበት። በሎስ አንጀለስ አካባቢ የምትኖሩ ዕድለኞች ናችሁ፤ እዚያው አቅራቢያ ያለችው ግሌንዴል ብዙ አርመኖች የሚኖሩባት ከተማ ስለሆነች በሱቆቻቸው ዶሻብ የሚባለውን ተቀቅሎ የወፈረ የወይን ጭማቂ ታገኛላችሁ። አንድ እጅ ዶሻብ በሁለት እጅ ውኃ ቀጥናችሁ እንደ ተፈላ ጭማቂ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

አንደኛ፦ ዋልነቱን መሰካት

በመጀመሪያ ዋልነቱን ይቅመሱ። የቆየ ዘይት ሽታ ወይም ጉሮሮ የሚይዝ ምሬት ካለው ሌላ ይፈልጉ፤ ምንም ዓይነት ቅመም አይሸፍነውም። በአገራችን ዋልነት ከውጭ ስለሚገባ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ብዙ የቆየ ሊሆን ይችላል። ሳይቀምሱ ብዙ አይግዙ። ዋልነት ጨርሶ ካልተገኘ አልመንድ ሌሊቱን በውኃ ዘፍዝፎ መስካት ይቻላል። ኦቾሎኒን አልመክርም፤ መርፌ ሲገባበት ለሁለት ይከፈላል።

ደረቅ ዋልነት በመርፌ ሲወጋ ይሰባበራል። ስለዚህ የፈላ ውኃ አፍስሰውበት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያቆዩት፣ ውኃውን ያጥልሉ፣ በጨርቅ ያድርቁት።

አንድ ሜትር ያህል ክር ይቁረጡ። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ያላችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ገምዱት፤ በጣም ይስማማል። የናይለን ክር አይሁን፤ ስለሚያንሸራትት ሽፋኑ ይወርዳል። በክሩ አንድ ጫፍ ላይ ቁራጭ የክብሪት እንጨት ይሰሩበት፤ ፍሬዎቹ እንዳይወድቁ የሚይዛቸው እሱ ነው። መርፌውን በፍሬው መካከል፣ ወፈር ባለው ቦታ ላይ አስገብተው 15 ግማሽ ፍሬዎችን ይስኩ። ጠፍጣፋው ጎን ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዙር። ከዚያ መርፌውን በሌላኛው ጫፍ ያስገቡና ከዚያም ወገን 15 ፍሬ ሰክተው በክብሪት እንጨት ይዝጉ። መካከሉ ባዶ ይቀራል፤ በዘንግ ላይ የሚንጠለጠለው በእሱ ነው። ፍሬዎቹ ይነካኩ እንጂ አይጨናነቁ፤ በመካከላቸው ሽፋኑ የሚገባበት ትንሽ ቦታ ያስፈልጋል።

የተሰካውን ዋልነት አንድ ቀን ሙሉ በነፋስ ላይ ይስቀሉት። ይህን ደረጃ የሚዘልሉ ብዙዎች ናቸው፤ ከወር በኋላ ሲቆርጡት ውስጡ ሻግቶ የሚያገኙትም እነርሱ ናቸው። ርጥበት በሽፋን ውስጥ ከታፈነ መውጫ የለውም።

ሁለተኛ፦ ጭማቂውን ማዘጋጀት

ወይኑን ያጥቡ፣ ከእንጨቱ ያላቅቁ፣ በእጅ ይጨፍልቁ። በማሽን አይፍጩት፤ ፍሬው ውስጥ ያለው ዘር ሲሰበር ጭማቂውን ያመርረዋል። ጥቁር ወይን ከሆነ የተጨፈለቀውን ከነቆዳው ለ15 ደቂቃ በትንሽ እሳት ያሙቁት፤ ቀለሙን ይለቃል። ከዚያ በሻሽ አጥልለው ይጭመቁ። ጭማቂውን ሌሊቱን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳድሩትና ጠዋት አተላውን ከታች ትተው ጥሩውን ቀስ ብለው ይገልብጡ።

ከሦስቱ ሊትር ግማሽ ሊትር ይቀንሱና ቀዝቃዛውን ለብቻ ያስቀምጡ፤ ዱቄቱ የሚበጠበጠው በእሱ ነው። የቀረውን በድስት ያፍሉ። ሲፈላ የሚወጣውን አረፋ እየገፈፉ፣ በመካከለኛ እሳት፣ ሦስተኛው እጅ ያህል እስኪጎድል ይተዉት። እንደ ድስቱ ስፋት ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ይቅመሱት። አሁንም ከጎመዘዘ ስኳሩን የሚጨምሩት እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛ፦ ማወፈር

ዱቄቱን በቀዝቃዛው ጭማቂ ጥቂት በጥቂት እያደረጉ ይበጥብጡና በወንፊት ያሳልፉት። ዱቄትን በቀጥታ ትኩስ ጭማቂ ላይ መነስነስ ፈጽሞ አይሞከርም፤ ከጓጎለ በኋላ የሚመለስ ነገር የለም። የፈላውን ድስት ከእሳት አውርደው ጥቂት ሲበርድ ብጥብጡን በቀጭኑ እያፈሰሱ በሌላ እጅ ያለማቋረጥ ያማስሉ። ከዚያ ወደ ትንሽ እሳት ይመልሱት።

መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 15 ደቂቃ ያህል ያማስሉ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ነው የሚጠበቀው፦ የጥሬ ዱቄት ጣዕም መጥፋቱና ውፍረቱ መስተካከሉ። ውፍረቱ ከአጥሚት ጠንከር፣ ከገንፎ ላላ ያለ ነው። ለማረጋገጥ አንድ ማንኪያ በቀዝቃዛ ሳህን ላይ ያፍስሱና ከአንድ ደቂቃ በኋላ በጣትዎ መስመር ያስምሩበት። መስመሩ ተመልሶ ካልተዘጋ ደርሷል። ከቀጠነ ጥቂት ደቂቃ ይጨምሩለት፤ ከወፈረ አንድ ሁለት ማንኪያ የፈላ ውኃ ይበቃዋል። ቅመሞቹን በመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች ይጨምሩ፤ ቀድመው ከገቡ ሽታቸው በእንፋሎት ይሄዳል።

ልጆች በዚህ ሰዓት ከማድ ቤት ይራቁ። ይህ ውሕድ ሲፈነጠር ቆዳ ላይ ይጣበቃል፤ ከፈላ ውኃ የበለጠ ያቃጥላል።

አራተኛ፦ መንከር

ድስቱ በጣም ትንሽ እሳት ላይ ይቆይ። ወለሉ ላይ ጋዜጣ ወይም ትሪ ያንጥፉ፤ መንጠባጠቡ አይቀርም። ክሩን በመካከሉ ይዘው ሁለቱንም ዘለላ በአንድ ጊዜ ወደ ድስቱ ያስገቡ። ጥልቀቱ ካልበቃ በማንኪያ እየጨለፉ ላያቸው ላይ ያፍስሱ። ቀስ ብለው ያውጡ፤ በፍጥነት የወጣ ዘለላ ሽፋኑ ከታች ይከማቻል። ጥቂት ሰከንድ በድስቱ ላይ አንጠባጥበው በዘንጉ ላይ ይስቀሉት። ዘለላዎቹ እርስ በርሳቸው አይነካኩ።

የመጀመሪያው ሽፋን ስስ መሆን አለበት። የዋልነቱ ሽብሽብ አሁንም ቢታይ አይጨነቁ፤ የዚህ ሽፋን ሥራ ፍሬውን መያዝ ነው። ሁለተኛውን የሚነክሩት የመጀመሪያው በጣት ሲነካ የማይለቅ ሲሆን ነው። ደረቅ ነፋስ ባለበት ቀን ግማሽ ቀን ሊበቃ ይችላል፤ ካልሆነ ይደር። የተረፈውን ውሕድ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳድሩትና በማግስቱ ጥቂት ውኃ ጨምረው፣ እያማሰሉ፣ ቀስ ብለው ያሙቁት። ሦስተኛው ሽፋን በዚያው መንገድ ይደረጋል፤ ዋልነቱ ሙሉ በሙሉ የሚሸፈነውና ዘለላው ቅርጹን የሚይዘው በእሱ ነው።

ሽፋኑን በአንድ ጊዜ አወፍራለሁ ብሎ መቸኮል ይህን ሥራ የሚያበላሸው ዋና ነገር ነው። ወፍራም ሽፋን ከላይ ቶሎ ይደርቅና ውስጡን ጥሬ ያስቀረዋል፤ በክብደቱም ከፍሬው ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል። ሦስት ስስ ሽፋን ሁልጊዜ ከአንድ ወፍራም ይሻላል።

በድስቱ የቀረው ውሕድ አይጣል። አርመኖች ባስቴኽ ይሠሩበታል። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ውሕዱን ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ስስ አድርገው ይቀቡትና በፀሐይ ያድርቁት። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይበቃዋል። ከዚያ ጨርቁን ገልብጠው ጀርባውን በውኃ ሲያርሱት የደረቀው ወይን ሳይቀደድ ይላቀቃል። የተሰባበሩትን የዋልነት ፍርካሾች በውስጡ ጠቅልለው ቢቆርጡት ሌላ ስጦታ ወጣው ማለት ነው።

አምስተኛ፦ ማድረቅና ማሳረፍ

ቦታው ጥላና ነፋስ ያለበት ይሁን። ቀጥተኛ ፀሐይ ሽፋኑን ይሰነጥቀዋል። ንብና ዝንብ ከሽታው አይርቁም፤ ስለዚህ ዙሪያውን በስስ ሻሽ ይጋርዱት፣ ሻሹ ግን ዘለላውን አይንካ። ማታ ጤዛ ካለ ወደ ቤት ያስገቡ። ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ላዩ የማይጣበቅ፣ ሲታጠፍ የሚለመጥ እንጂ የማይሰበር ይሆናል። ያን ጊዜ ደርሷል።

ጥቂት ስታርች ወይም የደቀቀ ስኳር ነስንሰው እያንዳንዱን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይጠቅልሉ፤ በካርቶን ወይም በእንጨት ሣጥን ውስጥ፣ ቀዝቀዝ ባለና ደረቅ ቦታ ያኑሩት። በላስቲክ አይታሸግ። ከአንድ እስከ ሁለት ወር ሲያርፍ ሽፋኑ ይለሰልሳል፣ ቅመሙም ይዋሃዳል። በላዩ ላይ ነጭ ብናኝ ብቅ ካለ ከወይኑ የወጣ ስኳር ነው፤ ደረቅና ጣፋጭ ነው። ጠጉር ያለው፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ የሆነ፣ የሚሸት ነገር ግን ሻጋታ ነው፤ ያንን ዘለላ ሳይቆርጡ በሙሉ ይጣሉት።

ለመስጠት

የክብሪት እንጨቱን አያውጡ፣ የላዩንም ክር አይቁረጡ፤ ተቀባዩ ሊሰቅለው ይችላል። ሁለት ሁለት ዘለላ አድርገው በወረቀት ጠቅልለው በጥጥ ክር ይሰሩት። በአዲስ አበባ ለአርመን ጎረቤት የምትሰጡት ከሆነ ምን እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም። ራስ ተፈሪ በ1924 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ አርመናውያን ልጆች የሙዚቃ ጓድ ሆነው ከተማዋን ካገለገሉ ጀምሮ በአዲስ አበባ የአርመኖች ስም የታወቀ ነው፤ ከእነርሱም በፊት የመጡ ነበሩ።

ለሌላው ግን አጭር ወረቀት አብራችሁ አኑሩ። በወረቀቱ ላይ ይህ ይጻፍ፦ ዋልነትና የስንዴ ዱቄት አለበት፤ የጾም ነው፤ ከመብላትዎ በፊት የክብሪት እንጨቱን ቆርጠው ክሩን ከላይ በኩል ስበው ያውጡ፤ በተሳለ ቢላ አንድ ሴንቲ ሜትር እያደረጉ ሰያፍ ይቁረጡት፤ ከቡና ጋር ይቅረብ፤ የተረፈውን በጨርቅ መልሰው ይጠቅልሉት።